በዲዑ-ዘማን አል-ጀዘሪ፦ የውሃ ፓምፑና የመኪናችን ሞተር



ዛሬ ወደ መስጂድ በሚኒባስ ከሄዳችሁና ጋቢና ከተቀመጣችሁ፣ ሞተሩ ከሥራችሁ ነበር። ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ይመላለሳል፣ ክራንክ ሻፍቱ ምልልሱን ወደ መዞር ይቀይረዋል፣ ቫልቮቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይከፈታሉ ይዘጋሉ። የእነዚህን ክፍሎች ዘመዶች ከ800 ዓመት በፊት ሠርቶ፣ አሠራራቸውንም ከነሥዕሉ ጽፎ የተወልን አንድ ሙስሊም ባለሙያ አለ።

ስሙ ኢስማዒል ኢብኑ-ራዛዝ ነው። አል-ጀዘሪ የተባለው በደጅላና በፉራት ወንዞች መካከል ባለችው በጀዚራ ምድር ነው። ኑሮው ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ዲያርበክር፣ በአርቱቂ ገዥዎች ቤት ነበር። ከ570 ሂጅሪ ጀምሮ አባትን፣ ከዚያም ልጆቹን በየተራ፣ 25 ዓመት አገለገለ። ታናሹ ናሲሩዲን ማሕሙድ ነው ሥራዎቹ እንዳይጠፉ በመጽሐፍ እንዲያሰፍራቸው ያዘዘው።

ይህ ገዥ ውዱእ ሲያደርግ አገልጋይ ቆሞ ውሃ እንዲያፈስለት አይወድም ነበር። አል-ጀዘሪም ማንቆርቆሪያ የያዘ የሰው ቅርጽ ሠራለት፤ ውሃውን ራሱ ያፈሳል፣ ሲጨርስም ፎጣ ያቀርባል። ሱብሃነላህ! ይህ ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በውሃ ክብደትና በተንሳፋፊ ብቻ ነው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው የውሃ ፓምፑ ነው። ወንዝ የሚያዞረው ጎማ ጥርሳም ማርሽ ያንቀሳቅሳል። ማርሹ ላይ ከመሃሉ ራቅ ብሎ የተተከለች ችንካር አንድን ዘንግ ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። ዘንጉ ፊት ለፊት በተጋደሙ ሁለት ሲሊንደሮች ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል፣ ይስባል። አንዱ ውሃ ሲመጥ ሌላው ወደ ላይ ይረጫል፤ ቫልቮቹ የተረጨው እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ፒስተኖቹ ከመዳብ የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ እንዳያሾልኩ ዙሪያቸውን የቃጫ ገመድ ጠምጥሞባቸዋል። የዛሬው ፒስተን ሪንግ ሥራም ያው ማሾለክን መከላከል ነው።

እዚህ ላይ ግን እናስተውል፤ አንዳንዴ እንደሚጻፈው አል-ጀዘሪ የመኪና ሞተር አልፈለሰፈም። በእርሱ ማሽን የሚዞረው ጎማ ፒስተኑን ይገፋል፤ በሞተር ደግሞ የሚቃጠለው ነዳጅ ፒስተኑን ገፍቶ ክራንኩን ያዞራል። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። በአራት ምት የሚሠራው ሞተር በጀርመናዊው ኦቶ እጅ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ክራንክን ከዘንግ ጋር ማጣመሩንም ሮማውያን ቀደም ብለው ለድንጋይ መሰንጠቂያ መጋዝ ተጠቅመውበታል። ለሰውየው ያልሆነውን መስጠት አያስፈልገንም፤ የሠራው ይበቃዋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የእጅ ሥራው ጥንቃቄ ነው። ትልልቅ ዕቃዎችን ከመሥራቱ በፊት በወረቀት ሞዴል ይሞክራል። እንጨት እንዳይጣመም ንብርብር አድርጎ ያጣብቃል። ቫልቭ ሲሠራ ደግሞ ጠብታ እስከማያሳልፍ ድረስ ከመቀመጫው ጋር በሸካራ ዱቄት ይፈትገዋል። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፤ ሞተር ሲታደስ ዛሬም ቫልቭ የሚፈተገው በዚሁ መንገድ ነው።

መጽሐፉን በ602 ሂጅሪ (1206) ጨረሰ፤ 50 መሣሪያዎች ተዘርዝረውበታል። በዚያው ዓመት የተጻፈ ቅጂ ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።