ፉጨት ያላስቆመው ንግግር

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። በጧት ሰልፍ ላይ ወጥቶ በጓደኞቹ ፊት ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ሁሉ ይህ ተረት ይገባዋል። እኔም ባለፈው ዓመት ወረቀቴን ይዤ ብቆም እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ግማሹን ሳላነብ ወረድሁ። በሰው ፊት መናገርን ከማን ልማር ብዬ ሳስብ ትዝ ያሉኝ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እርሳቸው ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ተፎክሮባቸዋልና።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው የዓድዋው ጀግና ራስ መኰንን ነበሩ። በልጅነታቸው ከአማርኛው ትምህርት ጋር ፈረንሳይኛ ተማሩ። አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን አደረጉ፤ ማኅበሩ ትንሹን አገር ከትልቁ ይጠብቃል ብለው አምነው ነበርና። በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። አውሮፕላኖች በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ጦራቸው ተበትኖ፣ ዋና ከተማቸው ተይዞ፣ በእጃቸው የቀረው መሣሪያ ንግግር ብቻ ሆነ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዠኔቭ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆሙ። ከዚያ በፊት የአንድ አገር ርእሰ ብሔር ራሱ ቀርቦ በዚያ ጉባኤ አቤት ብሎ አያውቅም ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልጮኹም፤ መልስም አልሰጡ። ረባሾቹ ተይዘው እስኪወጡ ድረስ ቀጥ ብለው ቆመው ጠበቁ፤ ጸጥታ ሲሆን ጀመሩ።

ፈረንሳይኛ ቢያውቁም የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ ትርጉሙ በኋላ ተሰማ። ጽሑፉ እንደ ሎሬንሶ ትዕዛዝ ያሉ የተማሩ ሰዎች ረድተውበት አስቀድሞ የተሰናዳ ነበር። በባዶ ልቅሶ አልሞሉትም፤ አውሮፕላኖቹ ስንት ስንት ሆነው ተከታትለው እንደ በረሩ፣ መርዙ እንደ ጉም ምድሩን እንዴት እንደ ሸፈነ፣ የተገባው ቃል ኪዳንም የቱ እንደሆነ በየተራ አስረዱ። በመጨረሻም ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የትንንሽ አገሮች ሁሉ መሆኑን አሳስበው፣ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንዲመለሱ ጉባኤውን ጠየቁ።

ያን ቀን ንግግሩ ድል አላደረገም። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ነገር ግን ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ታላቁ ጦርነት አውሮፓን ሲያነድ፣ ያ ማስጠንቀቂያ እውነት እንደነበረ ዓለም ዐወቀ። አርበኞች በዱር በገደል ሲዋጉ ቆይተው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ታሪክ ግን ሙሉውን መነገር አለበት። ለሕዝባቸው ሥቃይ በዓለም ፊት የጮኹት ንጉሥ፣ በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ሲያልቅ መንግሥታቸው ነገሩን ሸፈነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን በዚያው ዓመት በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። መናገር በሚገባ ጊዜ ዝም ማለትም እንደሚያስጠይቅ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ የቦንጋ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከቤታችን ካፊኖኖ፣ በክፍላችን አማርኛና እንግሊዝኛ ስንናገር ምላሳችን ቢያደናቅፈን አንፈር። የምንናገረውን አስቀድመን እናሰናዳ፤ እውነቱን በየተራው እንናገር፤ የሚስቅ ቢኖርም ስቆ እስኪጨርስ ቆመን እንጠብቅ። እኔም ዘንድሮ ያን ያልጨረስሁትን ጽሑፍ ይዤ እንደ ገና ወደ ሰልፉ ፊት እወጣለሁ።