ቴዎድሮስ የማን ነው?

በዛሬው የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምዳችን ዐፄ ቴዎድሮስን እናነሣለን። ስለሱማ ያልተባለ ምን ቀረ የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያው እንል ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ለማስተማር ልምምድ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በወጣን ጊዜ ያጋጠመን ነገር ነው።

ቢቸና ላይ ስለ ጀግኖች ስናስተምር ምንም አልቸገረን። የበላይ ዘለቀ ስም ሲነሣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ለመናገር ይሽቀዳደማል። ሞጣ ላይ ግን ቴዎድሮስን የክርስትና ጠባቂ፣ የእስላም ጠላት እያደረግን ስናወድስ አንድ ሙስሊም ተማሪ ተነሣና ታዲያ ቴዎድሮስ የኔም ንጉሥ ነበር ወይ ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ጊዜ አልቋል ብለን ወጣን። እውነቱን ለመናገር ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር። ያን ቀን የሸሸነውን ጥያቄ ዛሬ ለመመለስ እንሞክራለን።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ሲሆኑ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ እናትና ልጅ ተቸገሩ። ኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሊያዋርዱት የሞከሩት በዚሁ የተነሣ ነው። ካሳ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብቶ ሲማር ገዳሙ በጦረኞች ተወረረ፤ ብዙ ሕፃናትም አለቁ። እሱ አመለጠ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ገዳሙን የወረሩት የሌላ እምነት ሰዎች አልነበሩም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነውና ክርስቲያኑ መስፍን የክርስቲያኑን አገር ያቃጥል ነበር።

ካሳ አድጎ ሸፈተ፤ በቆላው ተከታይ አበዛ። የጎንደር ገዥዎች በኃይል ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊይዙት ፈልገው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ መድፍ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አየ። ቱርክ ብሎ በሚጠራቸው ላይ የያዘው ቂምም፣ ለመድፍ ያደረበት ጉጉትም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ወደ ደጃችን ይመጣል። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም እዚያው ወደቁ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ከአማቱ ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጋ። የየጁ መሳፍንት የረጅም ዘመን አገዛዝ በዚያ ቀን አበቃ። የየጁ መሳፍንት ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው ክርስትና የተነሡ ስለ ነበሩ ጠላቶቻቸው ሁሌም የእምነታቸውን እውነተኛነት እያነሡ ያሟቸው ነበር። የሥልጣን ጠብ የሃይማኖት ልብስ ሲለብስ እንግዲህ እንዲህ ነው።

በ1846 ዓ.ም. አምባጫራ ላይ ካሳ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆኖ ከተዋሕዶ በስተቀር ሌላ ትምህርት እንዳይሰጥ አሳወጀ። በዚያን ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ብዙ አድባራት የቅባትን ትምህርት ይከተሉ እንደ ነበር የአገራችን ሊቃውንት ያውቁታል። ስለዚህ አዋጁ መጀመሪያ የነካው ሙስሊሙን ሳይሆን የኛኑ አያቶች ነው ማለት ነው። ክርስቲያን መሆን ብቻውን አልበቃም፤ እንደ ንጉሡ ክርስቲያን መሆን ያስፈልግ ነበር።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ስሙ ከፍካሬ ኢየሱስ የመጣ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል፣ ዓለምም ያርፋል የሚል ትንቢት ሕዝቡ ሲጠብቅ ኖሯል። እንግዲህ ሰውየው ምንም ሳይሠራ ስሙ አስቀድሞ ይመለክ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሠራው ሥራ ግን ትልቅ ነው። በየአውራጃው የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሣ። ወታደሩ ባላገሩን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር ሞከረ። የባሪያ ንግድን ከለከለ፤ መንገድ አስጠረገ፤ ጋፋት ላይ መድፍ አሠራ፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልንም ከሠራዊቱ ጋር ራሱ እየሳበ መቅደላ አወጣ። ዜና መዋዕሉ በግዕዝ መጻፉ ቀርቶ በአማርኛ ተጻፈለት፤ እኛ ዛሬ በአማርኛ የምናስተምር ሁሉ የዚህ ባለዕዳ ነን።

አሁን ወደሚከብደው እንሂድ። ቴዎድሮስ አንድነትና አንድ ሃይማኖት አንድ ነገር ይመስሉት ነበር። ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ እስከ ማዘዝ ደርሷል። ወሎ በተደጋጋሚ ዘመቻ ተጎዳ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወይዘሮ ወርቂት ስላሳለፉት በእጁ የነበረውን ልጃቸውን ኢማም አመዴን ገደለው። ቤተ ክርስቲያንም አልዳነችም። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብሎ የቀረውን መሬት ለወታደር ሊሰጥ ሲነሣ ካህናቱ ተጣሉት። ዘውድ የጫኑለት አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። ጎጃም በተድላ ጓሉ ሥር ሆኖ አልገዛም አለው፤ አገሩም የዘመቻ መንገድ ሆነ።

የሃይማኖት ወገንተኝነት በውጭም አልረዳውም። የክርስቲያን መንግሥት ናት ብሎ ተማምኖ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላከ። እንግሊዝ ግን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በክሪሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን ቆማ ክርስቲያኗን ሩሲያን የወጋች ናት፤ ጥቅሟን እንጂ ማተቡን አላየችለትም። መልስ ሲዘገይበት ቆንስሉንና ሚሲዮናውያኑን አሰረ። ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ መጣ። መንገዱን የለቀቀለትና ስንቅ ያቀበለው ኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባለው የትግራዩ ካሳ ነው፤ እሱም ክርስቲያን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቴዎድሮስ እጁን ለጠላት አልሰጥም ብሎ መቅደላ ላይ ራሱን ገደለ። እንግሊዞች በዘረፉት መጽሐፍና ንብረት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጫኑ። ትንሹ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ እንግሊዝ አገር በወጣትነቱ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ደራስያን እንደገና አነገሡት። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትን፣ የብርሃኑ ዘሪሁንን፣ የአቤ ጉበኛንና የፀጋዬ ገብረ መድኅንን ሥራዎች ያላነበበ እጩ መምህር በመካከላችን የለም ለማለት ይቻላል። እኛም የምንወደው በነሱ በኩል ነው። መውደዳችንን አንተውም። ነገር ግን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅለን የጎንደርን አመድ፣ የወሎን እንባ፣ የጎጃምን ደም ከመሬት ብንጠርግ ታሪክ ማስተማራችን ቀርቶ ጣዖት መሸጥ ይሆናል።

ይሄ ደግሞ ለሞጣ ተራ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል። ከዚያ በኋላ መልሶ ለመሥራት በተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ የክርስቲያኖች እጅ ነበረበት። የጠየቀን ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጥያቄው ስለ ሞተ ንጉሥ ብቻ እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። አዎ፣ ቴዎድሮስ ያንተም ንጉሥ ነበር፤ በድሎሃልም። የኛም ንጉሥ ነበር፤ የኛንም አያቶች በድሏል። አንድ አገር የሚለው ሐሳቡ የሁላችንም ርስት ነው፤ አንድ ሃይማኖት የሚለው ግን እሱንም ጎድቶ ያለፈ ስሕተቱ ነው። አገሩ የጸናው ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ ነው።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ክፍል ስትገቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገጥማችኋል። ሰዓት አልቋል አትበሉ። እኛ ብለን አፍረናል።