ፊልሙ ያልነገረን የጎልዳ ሜኢር ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ2023 ለእይታ የበቃውንና እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ሄለን ሚረን የመሪነቱን ቦታ ይዛ የተጫወተችበትን «ጎልዳ» የተሰኘ ፊልም ከመካከላችሁ ያየ ብዙ ሰው ይኖራል። የፊልሙ አዘጋጅ እስራኤላዊው ጋይ ናቲቭ ሲሆን፣ ታሪኩ በ1973 የተካሄደው የዮም ኪፑር ጦርነት ነው። ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ፣ ለካንሰር ሕክምና በምስጢር ወደ ሆስፒታል የሚመላለሱ አንዲት አሮጊት የአገር መሪ እናያለን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን እኚህ ሴት ከየት መጡ፣ እዚያ ወንበር ላይስ እንዴት ደረሱ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ልጆቻችን ስማቸውን በትምህርት ቤት ይሰማሉ፤ ቤት መጥተው ሲጠይቁን ግን ብዙዎቻችን የምንነግራቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጎልዳ ሕይወት እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልዳ በሜይ 1898 በኪየቭ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሞሼ ማቦቪች አናጢ ነበሩ። እናታቸው ብሉማ ከወለዷቸው ስምንት ልጆች አምስቱን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል፤ የተረፉት ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። ጎልዳ እስከ እርጅናቸው ያልረሱት የልጅነት ትዝታ፣ አይሁዶች ሊጠቁ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ አባታቸው የቤቱን በር በሳንቃ ሲቸነክሩ ያዩበትን ቀን ነው። በጎንደር ገጠር ቡዳ እየተባሉ ሲጠሉ የኖሩ ወላጆች ያሉን እኛ፣ ያ ሳንቃ ምን ማለት እንደሆነ እንዲያስረዳን ሌላ ሰው አያስፈልገንም።

አባትየው በ1903 ሥራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቤተሰቡ በፒንስክ ከተማ ቆይቶ በ1906 ሚልዋኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተቀላቀላቸው። እናትየው እንግሊዝኛ ሳያውቁ ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ፤ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ ሱቁን የምትጠብቀው የስምንት ዓመቷ ልጅ ነበረች። በዚህ ምክንያት ወደ ትምህርት ቤት የምትደርሰው እያለቀሰች፣ ዘግይታ ነው። ቋንቋውን ቀድሞ የለመደ ልጅ የቤቱን ሸክም ሲሸከም በየሰፈራችን የምናየው ነገር ስለሆነ ይህን አልፈነው መሄድ አልፈለግንም። ይህችው ልጅ አራተኛ ክፍል ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ስብሰባ ጠርታ፣ የትምህርት መጻሕፍት መግዣ ላጡ ልጆች ገንዘብ አሰባስባለች። ኋላ ወላጆቿ ትምህርቷን ትታ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ሰው እንድታገባ ሲፈልጉ፣ በባቡር ተሳፍራ ዴንቨር ወደምትኖረው ታላቅ እህቷ ወደ ሼይና ጠፍታ ሄደች።

ሞሪስ ሜየርሶን ከተባለው ወጣት ጋር የተዋወቁት እዚያ ዴንቨር ነው። ሞሪስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ፣ ሙዚቃና ግጥም የሚወድ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። ጎልዳ እሱን ለማግባት ያቀረቡት ሁኔታ አንድ ነው፤ ወደ ኤሬጽ እስራኤል አብሯቸው እንዲሄድ። በ1917 ተጋቡና በ1921 ፖካሆንታስ በምትባል መርከብ ተነሡ። ጉዞው በብልሽትና በመርከበኞች አመፅ የተሞላ ስለነበር፣ ቴል አቪቭ የደረሱት ብዙ ከተንገላቱ በኋላ ነው።

በዔሜቅ ይዝራኤል የሚገኘው መርሓቪያ ኪቡጽ መጀመሪያ አልተቀበላቸውም። ከአሜሪካ የመጣች ሴት ከባድ ሥራ አትችልም የሚል ሐሳብ ነበር። በመጨረሻ ገብተው ለውዝ ለቀሙ፣ ወጥ ቤት ሠሩ፣ የዶሮ እርባታም ተማሩ። ጎልዳ የኪቡጹን ኑሮ ወደዱት፤ ሞሪስ ግን ወባ ታመመ፣ ልጅ በጋራ ቤት ማሳደግንም አልፈለገም። ስለዚህ ለቀው ወጡና ኢየሩሳሌም ገቡ።

በሕይወታቸው ከሁሉ የከፋው ጊዜ የኢየሩሳሌሙ ነበር። በ1924 ሜናሔም፣ በ1926 ሣራ ተወለዱ። የሞሪስ ደመወዝ ለኪራይና ለወተት አይበቃም ነበር። ጎልዳ የልጃቸውን የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ የሚከፍሉት፣ የዚያኑ መዋዕለ ሕፃናት ልብስ በግቢ ውስጥ በፈላ ውሃ እያጠቡ ነው። ኋላ ነገሥታትንና ፕሬዚዳንቶችን ያነጋገሩት ሴት፣ በሠላሳ ዓመታቸው አካባቢ የልብስ አጣቢ ነበሩ ማለት ነው። ለማጽዳት ሥራ ማልደው የሚወጡ እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

በ1928 የሠራተኛ ሴቶች ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ከሕዝብ ሥራ አልወጡም። ለዚህ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ጉዞና ስብሰባ በዛ፣ ትዳሩ ተለያየ፣ ከልጆቻቸው ርቀው ባሳለፉት ጊዜም እስከ መጨረሻው ኅሊናቸው ወቅሷቸዋል።

በጁላይ 1938 ኤቪያን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ የ32 አገሮች ተወካዮች ከናዚ ጀርመን ስለሚሸሹ አይሁዶች ለመምከር ተሰበሰቡ። ጎልዳ በታዛቢነት ተቀምጠው ሰሙ። ተናጋሪው እየተነሣ ማዘኑን ይገልጻል፣ ከዚያም አገሩ ሰው መቀበል የማይችልበትን ምክንያት ይዘረዝራል። በሩን የከፈተ አገር የለም ማለት ይቻላል። አይሁዶች የራሳቸው መንግሥት ያስፈልጋቸዋል የሚለውን እምነታቸውን ይህ ስብሰባ አጠነከረው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

በ1948 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደው ለጦር መሣሪያ መግዣ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰቡ። በሜይ 14 ቀን 1948 የነፃነቱን አዋጅ ከፈረሙት ሁለት ሴቶች አንዷ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የአረብ ሴት ልብስ ለብሰው ከንጉሥ አብደላ ጋር ለመነጋገር በድብቅ ወደ አማን ተጉዘው ነበር፤ ጦርነቱን ግን ማስቀረት አልቻሉም።

ከ1949 እስከ 1956 የሥራ ሚኒስትር ሆኑ። በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከጦርነቱ ይልቅ ስለዚህ ዘመን ብዙ መባል ነበረበት እንላለን። በዚያን ጊዜ ከ200 ሺህ በላይ ስደተኞች መዓባሮት በሚባሉት የድንኳንና የቆርቆሮ መንደሮች ይኖሩ ነበር። ጎልዳ የቤትና የመንገድ ሥራ አስጀመሩ። በ1953 የቢቱዋህ ለኡሚ ሕግ በክኔሴት የጸደቀው በእሳቸው ሚኒስትርነት ነው። አንዲት እናት ወልዳ የምታገኘው የወሊድ ክፍያ፣ ሽማግሌው በየወሩ የሚያገኘው የእርጅና አበል፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የሚካስበት ደንብ መነሻው እዚያ ነው።

ከ1956 እስከ 1966 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፣ ስማቸውንም ሜየርሶን ከሚለው ወደ ሜኢር ለውጠው፣ ከአዲሶቹ የአፍሪካ መንግሥታት ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። ሌዊ ኤሽኮል ሲሞቱ በማርች 1969 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1971 ከሙስራራ ሰፈር የተነሡትን የምሥራቅ አይሁድ ወጣቶች፣ ብላክ ፓንተርስ የተባሉትን፣ አነጋግረው ሲያበቁ ጥሩ ልጆች አይደሉም ማለታቸው ብዙ ሰው አስቀይሟል። የመዓባሮትን ድህነት ያዩ ሴት የልጆቹን ቁጣ አለመረዳታቸው እኛንም ይገርመናል።

ኦክቶበር 6 ቀን 1973 ጎህ ሲቀድ ጦርነቱ በዚያው ዕለት እንደሚጀመር ከሞሳድ መልእክት ደረሰ። የጦር ኃይሉ ዋና አዛዥ ዳቪድ ኤልዓዛር ቀድሞ በአየር መምታትንና ሰፊ ክተትን ሲጠይቁ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን ክተቱ ጠባብ እንዲሆን ፈለጉ። ጎልዳ የክተቱን ጥያቄ ፈቀዱ፤ ቀድሞ መምታቱን ግን የአሜሪካን እርዳታ እንዳናጣ ብለው ከለከሉ። ከ2,500 በላይ የእስራኤል ወታደሮች ሞቱ። የአግራናት አጣሪ ኮሚሽን በኤፕሪል 1974 ባወጣው ዘገባ ጥፋቱን በዋናነት በጦር አዛዦች ላይ ሲያደርግ እሳቸውን ነፃ አወጣቸው። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ጩኸት ግን አልበረደም፣ ጎልዳም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። በ1955 እና በ1956 ከቤተ እስራኤል 27 ወጣቶች ክፋር ባትያ መጥተው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ግን በሩ አልተከፈተም። ጎልዳ በሥልጣን ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ የመመለስ ሕግ፣ ሆክ ሃሽቩት፣ ለቤተ እስራኤል አልተሠራበትም፤ በራሳቸው መንገድ የመጡት ጥቂቶችም ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ተንከራተቱ። ራቭ ዖቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን ያጸደቁት በ1973 መጀመሪያ፣ ጎልዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ነው፤ መንግሥት ግን ውሳኔውን ተቀብሎ ሕጉን የሠራበት በ1975 በይጽሓቅ ራቢን ዘመን ነው። በኤቪያን የተዘጋ በር ምን እንደሚመስል በዓይናቸው ያዩ ሰው፣ ጎንደር ያሉት ወገኖቻቸው ሲጠሩ ለምን እንዳልሰሙ ልጆቻችን ቢጠይቁን ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቢቱዋህ ለኡሚን ያስጀመሩትም እሳቸው መሆናቸውን አብረን እንነግራቸዋለን፤ አንዱን ይዘን ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

ጎልዳ በዲሴምበር 8 ቀን 1978 በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። የደም ካንሰር እንደነበረባቸው ሕዝቡ የሰማው ከሞቱ በኋላ ነው። የተቀበሩት በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ፣ የአገር መሪዎች በሚያርፉበት ክፍል ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ለቀሩት ወገኖቻችን የቆመው መታሰቢያም በዚያው ተራራ ላይ ስለሚገኝ፣ በዮም ይሩሻላይም ለመታሰቢያው በዓል ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ መቃብራቸውን ማሳየት ትችላላችሁ።