ንጉሥ ላሊበላና የላስታ ንቦች

በላስታ ተራሮች መካከል፥ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ አለች። በጥንት ዘመን ስሟ ሮሐ ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን በንጉሧ ስም ላሊበላ ትባላለች። ልጆች ሆይ፥ ንጉሡ ስሙን ያገኘው ከንቦች እንደ ሆነ ታውቃላችሁን?

ላሊበላ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። አባቱ ዛን ሥዩም፥ እናቱም ኪዮርና ይባላሉ። ገድሉ እንደሚተርከው፥ በተወለደ ጊዜ ብዙ ንቦች መጥተው እንደ ሠራዊት ከበቡት። እናቱም ይህን አይታ፥ ንቦቹ የልጅዋን ንግሥና እንዳወቁ ተረዳች፤ ስለዚህም ላሊበላ ብላ ጠራችው። ትርጓሜውም ንብ ገዥነቱን ዐወቀ ማለት ነው ይባላል።

ሕፃኑን ሳይነድፉት እንዴት ቀሩ? ንብ የሚያረባ ሰው ይህን ያውቃል። ቀፎው ሲጠባቸው ንቦች ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን አሮጌዋን አውራ ተከትሎ ይወጣል፤ አዲስ ቤት እስኪያገኝም ድረስ በቅርንጫፍ ወይም በግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ያርፋል። በዚያን ጊዜ የሚጠብቁት ማርና ልጅ የላቸውም፥ ሆዳቸውም ለመንገድ በያዙት ማር ሞልቷል። ስለዚህ ካልነኳቸው በቀር እምብዛም አይነድፉም። አውራዋንም የጥንት ሰዎች ወንድ ንጉሥ ትመስላቸው ነበር፤ እርስዋ ግን እንቁላል የምትጥል እናት ናት።

ይህ መልካም ስም ለልጁ መከራ አመጣበት። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ መንግሥቱን እንዳይወስድበት ፈራ። እኅቱም መርዝ ያለበት ጽዋ ሰጠችው። አስቀድሞ የቀመሰው አገልጋይ ወዲያው ሞተ፤ ላሊበላም ስለ እርሱ አዝኖ ጽዋውን ጠጣ፥ ሦስት ቀንም እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ተኛ። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ተሰደደ፥ መስቀል ክብራንም አገባ። በመጨረሻ ሐርቤ ራሱ ዙፋኑን ለቀቀለት። ገድሉ ይህን ሁሉ በሰፊው ይተርካል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1204 እና በ1225 የተጻፉ የርስት ስጦታዎች ስሙን ይዘው እስከ ዛሬ ኖረዋል። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናትም በእርሱ ዘመን እንደ ተሠሩ ይነገራል፤ ሰዎች በቀን፥ መላእክት በሌሊት ሠሩ ይላሉ። በመካከላቸው የሚወርደውም ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል።

ዐለት የሚፈልፍል ሰው ግን መብላት አለበት። የላስታ ገበሬ ከሚዘራቸው እህሎች ገብስና ስንዴ የንብን እርዳታ አይሹም። ባቄላ ግን ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይበዛል። ኑግም የራሱ ብናኝ አይበቃውምና ከሌላ ኑግ የሚያመጣለት ይፈልጋል።

ብናኝ ምንድን ነው? አበባን በጣታችሁ ብትነኩ ቢጫ ዱቄት ይቀርባችኋል፤ እርሱ ነው። ከአበባው ወንዴ ክፍል ይወጣል፤ ወደ ሴቴው ክፍል ካልደረሰም ፍሬ አይገኝም። አበባ እግር የለውም፥ ከጎረቤቱም ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ጣፋጭ ውኃ አዘጋጅቶ እንግዳ ይጠራል። ንብዋ ጣፋጩን ልትቀስም ስትገባ ብናኙ በሰውነትዋ ጠጉር ላይ ይጣበቃል። አብዛኛውን ጠራርጋ በኋላ እግሮችዋ ላይ ትሸከመዋለች፥ በቀፎ ላሉ ልጆችም ምግብ ይሆናል። የቀረው በሚቀጥለው አበባ ላይ ይራገፋል። ደግሞም ንብዋ በአንድ ጉዞ ከባቄላ ወደ ባቄላ እንጂ ወደ ሌላ ዓይነት አበባ እምብዛም አትዞርም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ የባቄላው ብናኝ በከንቱ በኑግ ላይ በባከነ ነበር። ዝንብና ቢራቢሮም ይህን ሥራ ይሠራሉ። ከእሬት ቀይ አበባ ግን የምትቀስመው ቀጭንና ቆልማማ አፍ ያላት ትንሽ ወፍ ናት።

ላሊበላ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1793፥ ስፕሬንግል የተባለ ጀርመናዊ የትምህርት ቤት ሹም በሜዳ አበቦችን ሲመለከት ቆይቶ ይህን ምሥጢር በመጽሐፍ ገለጠ። በዘመኑ ግን ብዙ ሰው አልሰማውም።

በላስታ ክረምቱ ሲያልፍ መንተሴ የሚባለው ቍጥቋጦ ነጭ አበባ ያወጣል፤ የአገሩ ነጭ ማርም ከእርሱ ይገኛል። መንተሴው ለማገዶ ሲቈረጥ ባለ ቀፎው ማሩን ያጣል። ንቦቹም ተርበው ሲሄዱ በአጠገቡ ያለው ባቄላ የሚጎበኘው ያንሳል፤ ገበሬው ግን ምክንያቱን ዝናብ ያደርገዋል።

ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ቢልባላ ጊዮርጊስ የሚባል ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግድግዳው ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ሰዎችም ማራቸውን ለፈውስ ይፈልጉታል። ፀሐይ ሲሞቅ ከዐለቱ ወጥተው በሸለቆው ላይ ይበተናሉ፤ ሲመለሱም እግሮቻቸው በቢጫ ብናኝ ተጭነዋል።