ወይዘሪት ጄን አዳምስ፤ የድኾች ጎረቤት

ስለ አሜሪካ ሲነገር ቶሎ ትዝ የሚለን የአገሩ ሀብት ነው። ነገር ግን ባለፈው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በዚያ አገር ትልልቅ ከተሞች፥ ባለጸጋው ከሚኖርበት መንገድ ጥቂት ራቅ ብሎ ድኻው ተጨናንቆ ይኖር ነበር፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ዘመናቸውን ይፈጽሙ ነበር። ይህን ርቀት ስለ ተሻገረች አንዲት ሴት ጥቂት ልጻፍ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጄን አዳምስ በ1860 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት ሲዳርቪል በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ የወፍጮ ቤት ባለቤትና የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ። እናቷ የሞተችባት ገና በሁለት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላት አባቷን ተከትላ ወደ ከተማ ሄደችና የድኾች ጠባብ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመው አየች። ሰው ለምን በእንዲህ ያለ ቤት እንደሚኖር ጠየቀች። ከዚያም ስታድግ ትልቅ ቤት እንደሚኖራት፥ ቤቱም በትልልቅ ቤቶች መካከል ሳይሆን በእነዚህ በትንንሾቹ መካከል እንደሚሆን ለራሷ ወሰነች። ልጅ ብዙ ነገር ይመኛል፤ ይህቺ ግን ምኞቷን ፈጸመችው።

ቶሎ ግን አልሆነላትም። በ1881 ዓ.ም. ትምህርቷን ስትጨርስ አባቷ ሞቱ፤ እርሷም በጀርባ ሕመም ተሠቃየች። ሀብት ወርሳ፥ ምን እንደምትሠራ ሳታውቅ ብዙ ዓመት አሳለፈች። በ1888 ዓ.ም. ሎንዶን ውስጥ የተማሩ ወጣቶች በድኾች ሰፈር የሚኖሩበትን ቶይንቢ ሆል የተባለ ቤት አየች። በሚከተለው ዓመት ከጓደኛዋ ከኤለን ስታር ጋር በቺካጎ በሃልስተድ መንገድ፥ ከኢጣልያ፥ ከሩስያ፥ ከግሪክና ከሌላም አገር የመጡ ሠራተኞች በሞሉበት ሰፈር፥ ሀል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፈተች።

በመጀመሪያው የገና በዓል ለልጆች ከረሜላ ስታድል አንዳንድ ትንንሽ ልጃገረዶች አንቀበልም አሉ። ነገሩ ሲጣራ፥ ልጆቹ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታው ሦስት ሰዓት በከረሜላ ፋብሪካ ሲሠሩ ስለ ከረሙ ማየቱ እንኳ አስጠልቷቸው ኖሯል።

ከዚህ የሚከብድ ነገር ደግሞ ራሷ አደረገች። ሥራ በጠፋበት ክረምት አንድ የጽሕፈት ሥራ የለመደ ሰው ርዳታ ሊጠይቅ መጣ። እርሷም ደንቡን ጠብቃ፥ ርዳታ ከመጠየቁ በፊት በቦይ ቁፋሮ ሥራ እንዲሞክር ነገረችው። ሰውዬው ሁልጊዜ በቤት ውስጥ ስለ ሠራ የክረምቱን ብርድ እንደማይችል ቢያስረዳትም አልተቀበለችውም። ሁለት ቀን ቆፈረ፤ በሳንባ ምች ታመመ፤ በሳምንቱም ሞተ። የተዋቸውን ሁለት ልጆች ጄን አዳምስ ከዚያ ወዲያ አልረሳቻቸውም። ታሪኩንም በ1910 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ራሷ ጻፈችው፤ ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? እኔ በበኩሌ ከተቀበለችው ሽልማት ሁሉ ይልቅ ይህን አከብርላታለሁ።

ሌላው ሥራዋም ስብከት የሌለበት ነው። በ1893 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ የኢሊኖይ ሕግ ሲወጣ የሀል ሐውስ ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ የሰፈሩ የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች! ይህቺ የባለጸጋ ልጅ ማልዳ እየተነሣች የቆሻሻ ጋሪ ትከተል ነበር። ከአንዲት ጠባብ መንገድ ቆሻሻው ሲጠረግ፥ ወደ ግማሽ ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት በታች ማንም የማያውቀው የተነጠፈ መንገድ ተገኘ።

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት በመቃወሟ ብዙ ሰው ጠላት፤ ጋዜጦችም ሰደቧት። በ1931 ዓ.ም. ግን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሌላ አሜሪካዊ ጋር ተካፍላ ተቀበለች።

በ1935 ዓ.ም. በቺካጎ ስትሞት አስከሬኗ በሀል ሐውስ አረፈ፤ ጎረቤቶቿም ተሰልፈው ተሰናበቷት። በተወለደችበት መንደር ተቀበረች። በ1960ዎቹ ዓመታት ለዩኒቨርሲቲ ቦታ ሲባል ከሀል ሐውስ ሕንጻዎች አብዛኞቹ ፈረሱ፤ የመጀመሪያው ቤት ግን ቤተ መዘክር ሆኖ ዛሬም በሃልስተድ መንገድ ላይ ይገኛል።