ከሴባስቶፖል መድፍ እስከ ሕሙማን ቤት፦ የቴዎፊል ዋልድማየር ሕይወት



ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ እዚያ እንደ ተሠራ ያውቃል። ነገር ግን መድፉን ከሠሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ወንጌልን ይዘው የመጡ ሚስዮናውያን እንደ ነበሩ ሁላችንም አናስተውልም። ዛሬ ከእነርሱ የአንዱን፣ የቴዎፊል ዋልድማየርን ሕይወት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ታሪኩ በእኛ አገር ቢጀምርም፣ ትልቁን ትምህርት የምናገኘው በሽምግልናው ዘመን በሊባኖስ ካቋቋመው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተላከበት ሥራና የታዘዘው ሥራ

ዋልድማየር በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለደ። የተማረው በባዝል ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በእጃቸው ሠርተው እየኖሩ ስለ ክርስቶስ የሚመሰክሩ ወንድሞችን አሠልጥኖ ይልክ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱበትን መንገድ ያመቻቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ ሲሆን፣ እርሱም ቀደም ብሎ በ1830ዎቹ በአገራችን ያገለገለ ሰው ነበር።

ዋልድማየር በ1858 ተልኮ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ በመልካም ተቀበሉት፤ የፈለጉት ግን ስብከቱን ሳይሆን እጁን ነበር። በ1859 የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን፣ በአገሬው አጠራር የሊቀ መኳስ ዮሐንስን ልጅ የውብዳርን አገባ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በጋፋት ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የእጅ ሥራ እየሠራ ኖረ።

ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሡ ግን አልተውአቸውም። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በጥቅምት 1867 ሠራዊቱ መድፉን እየጎተተ ከደብረ ታቦር ተነሣ። በጋይንት በኩል በጨጨሆ አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። ያንን መንገድ በመኪና የተጓዛችሁ ወገኖች ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። በመቅደላ አምባ ቆንስሉ ካሜሮንና ሚስዮናዊው ስተርን በሰንሰለት ታስረው ነበር። ሚያዝያ 1868 እስረኞቹ ተፈቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወዲያው ሞቱ፤ ዋልድማየርም ከቤተሰቡ ጋር ከአገር ወጣ።

እስቲ አስቡት። የወንጌል መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ ስሙ የሚነሣው በመድፍ ነው። ብዙዎቻችን ብንሆን አገልግሎቴ አበቃ እንል ነበር።

በዋሻ የታሰሩት

ዋልድማየር ግን ወደ ሊባኖስ ተሻገረ። በ1873 ብሩማና በምትባል ተራራማ መንደር የሚስዮን ሥራ ጀመረ፤ ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ። በዚያው ዘመን ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተባበረ።

በሊባኖስ ተራሮች ሲዘዋወር ዕረፍት የነሣው ነገር የአእምሮ ሕመምተኞች ኑሮ ነበር። በቆዝሃያ ገዳም ዋሻ ውስጥ ጋኔኑ ይለቅቃቸዋል እየተባለ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በጋለ ብረት ራሳቸውን የሚተኮሱም ነበሩ። ይህን ስናነብ በሌሎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በእኛም አገር በየጓዳው የታሰሩ፣ ለጸሎት በሚል በገመድ የተጠፈሩ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን።

በ1896፣ በ64 ዓመቱ፣ የብሩማናን ሥራ ትቶ አዲስ ሸክም ተሸከመ። በቤይሩት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እርሱም በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ። በ1898 በቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ በምትባል ስፍራ መሬት ተገዛ፤ በነሐሴ 1900 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ገቡ። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ድሩዙም፣ አይሁዳዊውም በዚያ ቤት ይቀበሉት ነበር።

ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም

ውድ ወገኖች፣ ርኅራኄ ያላቸው ሰዎች ብዙ ቤቶችን ከፍተዋል፤ ከመሥራቹ ጋር የሞቱትም ብዙ ናቸው። በአስፉሪዬ ልናስተውለው የሚገባን ቤቱ የተሠራበት ሥርዓት ነው።

አንደኛ፣ ሠራተኛው። ዋልድማየር ሐኪም አልነበረም። ስለዚህ ሕክምናው ለሠለጠነ ሐኪም ተሰጠ፤ ልምድ ያላቸው አስታማሚዎችም ከአውሮፓ መጡ። ወንዶችና ሴቶች በየራሳቸው ቤት ተለዩ፤ ሰንሰለትም ቀረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የሚታሰረው በክፋት ብቻ አይደለምና፤ ጠባቂ ሲያንስም ይታሰራል። አንድ አስታማሚ ሌሊቱን ብቻውን ሃያና ሠላሳ ሰው እንዲጠብቅ ከተተወ፣ ልቡ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን እጁ ገመድ መፈለጉ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው። ቤቱ የዋልድማየር የግል ንብረት አልነበረም። በቤይሩት የሥራ ኮሚቴ፣ በለንደን ደግሞ ጉባኤ ነበረው። በኮሚቴው ውስጥ የኋላው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ ሐኪሞች ነበሩበት።

ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ። ስንት ሕሙማን እንደ ገቡ፣ ስንቱ ድነው እንደ ወጡ፣ ስንቱ እንደ ሞቱ፣ ገንዘቡም ከየት መጥቶ በምን ላይ እንደ ዋለ በየዓመቱ ታትሞ ይወጣ ነበር። የዳኑትን መቁጠር ደስ ይላል፤ የሞቱትን ቆጥሮ ለሰው ማሳየት ግን እግዚአብሔርን መፍራት ይጠይቃል።

ዋልድማየር በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ሞተ። ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1982 እስኪዘጋ ድረስ ከ80 ዓመት በላይ አገለገለ።

ለእኛስ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶች ማዕድ ሲጓደል ሐዋርያት ጸሎት ይበቃል አላሉም፤ መልካም ምስክርነት ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ጳውሎስ የእርዳታውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነገሩ በጌታም በሰውም ፊት መልካም እንዲሆን ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ። ሐዋርያው ራሱ ተቆጣጣሪ ከፈለገ እኛ እንዴት አንፈልግም?

እኔም መጋቢ ነኝና ራሴን ጨምሬ እናገራለሁ። ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ወይም የአእምሮ ሕመምተኞችን የሚረዳ ቤት ስንጎበኝ ዘምረን፣ ጸልየን፣ ሳሙናና ዘይት ሰጥተን እንመለሳለን። ይህ መልካም ነው። የመንግሥትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ቤት ቢሆን ግን እነዚህንም እንጠይቅ፦ በሌሊት ስንት አስታማሚ አለ? ሥልጠና አላቸው ወይ? ሳይነገራቸው ድንገት ገብቶ የሚያይ ማን ነው? መድኃኒቱንና ሒሳቡን የሚመረምረውስ? የተመታ ሽማግሌ አቤት የሚለው ለማን ነው? የሞተስ የት ይጻፋል? በዚያ ቤት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ለራሱ መናገር አይችልም፤ ቢናገርም የሚያምነው የለም። ስለዚህ እኛ እንጠይቅለት። የምንጸልይለትንም ሕመምተኛ ከሐኪም አንከልክለው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። የሠራው እጅ ግን በኋላ ሰንሰለት ለመፍታት ዋለ። የቀደመው ዘመናችን እንደ አሰብነው ባይሆንም፣ ጌታ በቀረው ዘመናችን ሊጠቀምብን ይችላል። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቤት ሂዱ፤ ጸልዩ፤ ጠይቁም።

ጌታ ይባርካችሁ።