ስቲቭ ቢኮ፦ የሕክምና ተማሪው፣ እስረኛው፣ ታካሚው



በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ሰዎች ነው፤ ስላስተማሩን፣ አብረውን ተረኛ ሆነው ስላደሩ፣ በሞት ስለተለዩን። እኔ ዘንድሮ የሌላ አገር ሰው ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ሰውየው ሕክምና ጀምሮ ያልጨረሰ፣ በ30 ዓመቱ በፖሊስ እጅ እያለ የሞተ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው «ክራይ ፍሪደም» ከተባለው ፊልም ሲሆን፣ ስሙ ሲነሳ የሚታወሰን ፖለቲከኛው ነው። እኔ ደግሞ እንደ ሐኪም ታካሚውን ላስታውሳችሁ እፈልጋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስቲቭ ባንቱ ቢኮ የተወለደው ዲሴምበር 18 ቀን 1946 ነው። ያደገው በምሥራቅ ኬፕ፣ ከኪንግ ዊልያምስ ታውን ከተማ ዳር፣ ጊንስበርግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቱ መጀመሪያ ፖሊስ፣ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በርቀት ትምህርት ሕግ መማር ጀምረው ሳይጨርሱ፣ ስቲቭ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ አሊስ በሰው ቤት፣ በኋላም በግሬይ ሆስፒታል በምግብ አብሳይነት እየሠሩ አራት ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1963 ላቭዴል የተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገባ።

ከፖሊስ ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው። ታላቅ ወንድሙ በፖለቲካ ተጠርጥሮ ሲያዝ ስቲቭም አብሮ ተወስዶ ተመረመረ። ገና የ16 ዓመት ልጅ ነው። ክስ አልቀረበበትም፤ ትምህርት ቤቱ ግን አባረረው። ምንም ሳይፈረድበት ተቀጣ ማለት ነው። ያ ነገር ዕድሜ ልኩን ተከተለው፤ ብዙ ጊዜ ታሰረ፣ ብዙ ጊዜ ተከሰሰ፣ አንድም ጊዜ ግን ጥፋተኛ ተብሎ አልተፈረደበትም።

ትምህርቱን በማሪያንሂል፣ በካቶሊኮች ትምህርት ቤት ጨርሶ በ1966 የናታል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ደርባን የነበረው ይህ ትምህርት ቤት ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች የተለየ ነበር። ቢኮ በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ነጮቹ ጓደኞቹ ቅን ቢሆኑም፣ ስለ ጥቁሮች የሚናገሩትም የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ድርጅትን መሠረተ፤ ድርጅቱ በ1969 በይፋ ሲቋቋምም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ማየት ከለመደ፣ ሕግ ቢለወጥለትም መብቱን አይጠይቅም። የጥቁር ንቃት የተባለው እንቅስቃሴ የተነሳው ከዚህ ነው።

በ1970 ንትሲኪ ማሻላባ የምትባል ነርስ አገባ። በ1972 ከሕክምና ትምህርት ቤት ተባረረ፤ ሐኪም የመሆን ነገርም በዚያው አበቃ። በ1973 መንግሥት በእገዳ ትእዛዝ ወደ ትውልድ ከተማው መለሰው። እገዳ ማለት ምን ነበር? ከከተማው መውጣት አይችልም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማነጋገር አይችልም። ቃሉን ጠቅሶ ማተም ወንጀል ነው። ይህንን የሚወስነው ሚኒስትሩ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ማስረጃ ማቅረብም አያስፈልገውም።

ቢኮ ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አባቱ ሳይጨርሱት የቀሩትን የሕግ ትምህርት በርቀት ጀመረ። ከጓደኞቹ ጋርም በ1975 ዚንዮካ በሚባል መንደር ዛኔምፒሎ የተባለ ክሊኒክ ከፈቱ። ክሊኒኩን የምትመራው የትምህርት ቤት ጓደኛው ዶክተር ማምፌላ ራምፌሌ ነበረች። እናቶች የሚወልዱበት፣ ሕፃናት የሚታዩበት፣ የገጠር ሰው ሳይዋረድ የሚታከምበት ቦታ ሆነ። በዚያው ዓመት የፖለቲካ እስረኞችንና ቤተሰቦቻቸውን የሚረዳ ፈንድም አቋቋሙ። መንግሥት ይህንንም አልወደደውም። ቢኮ በድርጅቱ ውስጥ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ በ1976 ያለ ክስ 101 ቀን ታሰረ፤ በ1977 ደግሞ ዶክተር ራምፌሌ ከክሊኒኩ ተነጥላ ሩቅ አገር ተጋዘች።

ኦገስት 18 ቀን 1977 ማታ ቢኮና ጓደኛው ፒተር ጆንስ በመኪና ሲመለሱ ግራሃምስታውን አጠገብ ኬላ ላይ ተያዙ። የተያዙት በ1967 በወጣው የሽብር ሕግ አንቀጽ 6 ነው። ይህ አንቀጽ የሚለውን ልብ በሉልኝ። አንድ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ሰውን ያለ ክስና ያለ ጊዜ ገደብ ማሰር ይችላል። ፍርድ ቤት የታሰረውን ሰው እንዲፈታ ማዘዝ አይችልም። ከመንግሥት ባለሥልጣን በቀር ማንም ሊያየው አይችልም፤ ጠበቃ የለም፣ ሚስት የለች፣ ቄስ የለም። ሕግ የተማረው ቢኮ መብቱን ያውቅ ነበር። የሚጠይቅበት በር ግን ሁሉም ተዘግቷል። አንድ በር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሐኪሙ የሚገባበት። ሐኪሙም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

በፖርት ኤልዛቤት፣ ዋልመር በተባለው ጣቢያ ወደ 20 ቀን ገደማ ራቁቱን ታሰረ፤ ለንፋስ እንኳ አይወጣም። ሴፕቴምበር 6 ቀን ለምርመራ ሳንላም ወደሚባል ሕንፃ ተወሰደ። እዚያ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ተጎድቶም ሳለ ከብረት ፍርግርግ ጋር በካቴና ታሰረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ የሐኪሞች ታሪክ ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን የመንግሥት ሐኪሙ ዶክተር አይቮር ላንግ ተጠሩ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ደረቱ በልዟል፣ እጅና እግሩ አብጧል፣ አነጋገሩ ይጎተታል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ዶክተር ላንግ ግን የፖሊሱ አዛዥ ኮሎኔል ጉሰን በጠየቋቸው መሠረት ምንም የጤና ችግር አላገኘሁም የሚል ማስረጃ ጻፉ። በማግስቱ አለቃቸው ዶክተር ቤንጃሚን ተከር አብረዋቸው መጡ። በሽተኛው የተኛበት ምንጣፍ በሽንት ርሷል፤ እግሩ አሁንም በሰንሰለት ታስሯል። ዶክተር ተከር ሆስፒታል እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ኮሎኔሉ ለጸጥታ ያሰጋል ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙም ተዉት። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ማን በሽተኛውን እንዳከመ ፍረዱ፤ የሕክምና ውሳኔውን የሰጠው ፖሊሱ ነው።

ቢኮ ወደ እስር ቤት ሆስፒታል ተወሰደ። የተጠሩት ስፔሻሊስት ግራ ጎኑ መድከሙን፣ የእግሩ የባቢንስኪ ምልክት የተዛባ መሆኑን አዩ፤ ከወገቡ የተቀዳው ፈሳሽም ደም ነበረበት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ቢሰማ አንጎሉ ተጎድቷል ይላል። በመዝገቡ ላይ ግን ፈሳሹ ደህና ነው ተብሎ ተጻፈ፤ በሽተኛውም ወደ ጣቢያ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ወለል ላይ ወድቆ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። አሁንም በቅርቡ ወዳለው ሆስፒታል አልሄደም። በፖሊስ ላንድሮቨር ከኋላ ራቁቱን ተጋድሞ፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ሕክምና መዝገብ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ተጫነ። እዚያ ያገኘው ሐኪም የተነገረው በሽተኛው ምግብ አልበላም ማለቱን ነው፤ ግሉኮስ ሰቀለለት። ሴፕቴምበር 12 ቀን ማታ ስቲቭ ቢኮ በእስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ሞተ።

ሚኒስትሩ ሞቱን ከረሃብ አድማ ጋር አያያዙት። የአስከሬን ምርመራው ግን የአንጎል ጉዳት አሳየ፤ የቤተሰቡ ፓቶሎጂስት ዶክተር ጆናታን ግሉክማን ባይገኙ ኖሮ ወሬው እንደዚያው በቀረ። የሞቱን ምክንያት ለማጣራት በኖቬምበር ፕሪቶሪያ ላይ ችሎት ተሰየመ። የቤተሰቡ ጠበቃ ሲድኒ ኬንትሪጅ ፖሊሶቹንና ሐኪሞቹን አንድ በአንድ እያቆሙ መረመሯቸው። ዳኛው ግን ዲሴምበር 2 ቀን በሞቱ የሚጠየቅ ሰው የለም ብለው ዘጉት። በ1979 መንግሥት ለቤተሰቡ 65,000 ራንድ ከፈለ፤ ጥፋቱን ግን አላመነም።

የሕክምና ምክር ቤቱስ? በ1980 ሐኪሞቹን የሚያስጠይቅ ነገር የለም አለ። የአገሪቱ ሐኪሞች ማኅበርም ከዚሁ ወገን ቆመ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሐኪም በማሠቃየት ተግባር ውስጥ በምንም መልክ እጁን እንዳያስገባ የሚከለክለውን የቶኪዮ መግለጫ ካወጣ ያን ጊዜ 5 ዓመት ሆኖታል።

ዝም ያላሉ ግን ነበሩ። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንሲስ ኤምስ፣ ከዊትዋተርስራንድ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ቶቢያስና ፕሮፌሰር ትሬፎር ጄንኪንስ፣ እንደ ዶክተር ዩሱፍ ቬሪያቫ ያሉ ሐኪሞችም ጭምር ምክር ቤቱን ፍርድ ቤት አቆሙት። ፕሮፌሰር ኤምስ ሥራቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር፤ ያለ አባት ልጆች የሚያሳድጉ እናትም ነበሩ። በ1985 ረቱ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን እንደገና ሲያይ ሁለቱም ሐኪሞች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዶክተር ላንግ በተግሣጽ ታለፉ፣ ዶክተር ተከር በመጨረሻ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ። ዶክተር ተከር በ1991 ይቅርታ ጠየቁ፤ በሽተኛዬን ትቼ ለመንግሥት ጸጥታ አደርኩ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ፕሮፌሰር ኤምስን ኔልሰን ማንዴላ በ1999 ሸለሟቸው። በዚያው ዓመት የእርቅ ኮሚሽኑ ፖሊሶቹ ያቀረቡትን የምሕረት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የሞቱ ምርመራም በ2025 እንደገና ተከፈተ።

ደቡብ አፍሪካ በ1996 አዲስ ሕገ መንግሥት ስታወጣ የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና ራሱ የመረጠው ሐኪም እንዲጎበኘው ደነገገች። የእኛም ሕገ መንግሥት ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆንበት ይላል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከእነማን ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ሲዘረዝር፣ ከትዳር ጓደኛ፣ ከዘመድ፣ ከሃይማኖት አባትና ከጠበቃ ጋር ሐኪምን አብሮ ጠርቷል። ብዙ ባልደረቦቼ ይህንን ስነግራቸው ይገርማቸዋል። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለንበት!

ስለዚህ መብታችንን እንደ ዜጋ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለልጆቻችንም እንንገራቸው፤ ሲያዙ በትሕትና ምክንያቱን ይጠይቁ፣ የት እንደሚወሰዱ ለቤተሰብ ያሳውቁ፣ ያላነበቡትን አይፈርሙ። እንደ ሐኪም ደግሞ ሌላ አለብን። በድንገተኛ ክፍል የሠራን ሁሉ በካቴና ታስሮ፣ ፖሊስ ከጎኑ ቆሞ የሚመጣ በሽተኛ እናውቃለን። አብዛኛው ፖሊስ በደንብ ካስረዱት ይሰማል። ራቅ ብለው ይጠብቁን ማለት ይቻላል። ካቴናው ለምርመራ ይፈታ ማለት ይቻላል። የታየውን ቁስል መጠኑንና ቦታውን፣ በሽተኛው የተናገረውን በራሱ አባባል፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ይቻላል። ያላየነውን አየን፣ ያየነውን አላየንም ብሎ መፈረም ግን አይቻልም። በሽተኛው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ መዝገቡ አብሮት ይሂድ። ሪፈር የሚያስፈልገው ሰው ሪፈር ይጻፍለት፤ የሚከለክል ካለ የከለከለው ሰው ስምና ሰዓት መዝገቡ ላይ ይስፈር። ለዚህ ጀግንነት አያስፈልግም፣ እስክሪብቶ ይበቃል።

መምህራኖቻችን ይህንን ለተማሪዎች ብታስተምሩልን ደስ ይለኛል። የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ላይ የቢኮን የመጨረሻ 6 ቀኖች እንደ አንድ የበሽተኛ ታሪክ አቅርቡላቸው፤ ከአቤቱታው እስከ ሪፈሩ። በየቀኑ የት ላይ ሊድን ይችል እንደነበር ራሳቸው ያግኙት። በየአህጉሩ የተበተናችሁ የትምህርት ቤታችን ልጆችም በምትሠሩበት አገር የታሰረ በሽተኛን በተመለከተ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሐኪሙስ ምን መብትና ግዴታ እንዳለበት ጻፉልን፤ በሚቀጥለው የመገናኛ በዓላችን ላይ እንነጋገርበት።